ለቢልጫ ስም ያወጣለት ሰውዬ

ብሔራዊ ቡድናችንን ዋልያዎቹ ብለን እንጠራለን። ሲያሸንፉ በኩራት ነው፤ ሲሸነፉ በምን ዓይነት ቃና እንደምንጠራቸው እናንተም ታውቃላችሁ። ዋልያ በዓለም የሳይንስ መዝገብ ላይም የገባው በዚሁ በአገር ቤት ስሙ ነው፤ ካፕራ ዋሊ ይባላል። ጭላዳም ቢሆን ቴሮፒቴከስ ጌላዳ ተብሎ ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ የሰሜን ተራሮችን ስም ይዞ ካኒስ ሲሜንሲስ ሆኗል። ሦስቱንም ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው አንድ ሰው ነው።

የዚያው ሰውዬ እጅ እዚህ ሐዋሳም አለ። አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ከጀልባ ከሚወርዱት ዓሦች መካከል ሦስቱን የሐይቅ ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ቆሮሶን ጥብሱንም ሾርባውንም በልታችሁታል። አምባዛ ያ ጢማሙ፣ ቅርፊት የሌለው፣ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ያለው ነው። ቢልጫን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ትልልቅ ቅርፊት አለው፤ ከአፉ ዳር አራት አጫጭር ጢሞች ተንጠልጥለዋል። ሳይንሳዊ ስሙ ላቤዮባርበስ ኢንተርሚዲየስ ነው። የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ቃል ያወጣው ሰውዬ ግን ሐዋሳን አንድም ቀን አላያትም። እሱ ኢትዮጵያን ሲዞር ከተማችን ልትቆረቆር ገና ከ120 ዓመት በላይ ይቀራት ነበር።

ስሙ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለምን ስለ እሱ እንደምጽፍ ልንገራችሁ። የሐይቃችን ዓሣ አለቀ፣ አላለቀም ብለን ስንጨቃጨቅ ሁሌም የምንዘላት አንዲት ጥያቄ አለች፤ ለመሆኑ ምን ምን ነበረ? መጀመሪያ የነበረውን ያልቆጠረ ሰው የጎደለውን ሊያውቅ አይችልም። ሩፔል ዕድሜውን የጨረሰው በመቁጠር ነው።

የተወለደው በኅዳር 1794 ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። አባቱ ባለ ባንክ ነበሩ፤ ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ነበር የታሰበው። የቤተሰብ ሀብት አለ፣ ሥራ ተዘጋጅቷል፣ መንገዱ ተጠርጓል። ዛሬ ቢሆን ሴትል ብሏል የምንለው ዓይነት ልጅ ነው። በ1817 ግን ወደ ግብፅና ወደ ሲና በረሃ ተጓዘ፤ ከዚያ ጉዞ የተመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ንግዱን ተወው። ጣሊያን ሄዶ በፓቪያና በጄኖዋ እንስሳትን፣ ዕፅዋትንና ሥነ ፈለክን ተማረ። የሥነ ፈለኩ ትምህርት ለጌጥ አልነበረም፤ ካርታ በሌለበት አገር የቆመበትን ቦታ ከከዋክብት ለማስላት ነበር የፈለገው። ጂፒኤስ በሌለበት ዘመን ያለው ምርጫ እሱ ነበር።

በዚያው በ1817 ፍራንክፈርት ውስጥ የዜንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር ተቋቁሟል። ማኅበሩ ሙዚየም አለው፣ ሙዚየሙን የሚሞላ ነገር ግን ያስፈልገዋል። ሩፔል ገንዘብ አለው፣ እግርም አለው። ተገናኙ። በራሱ ኪስ እየተጓዘ የሰበሰበውን ለማኅበሩ ይልክ ጀመር። ዜንከንበርግ ዛሬ በአውሮፓ ካሉት ታላላቅ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች አንዱ ነው፤ መሠረቱ ላይ የዚህ ሰው ሣጥኖች አሉበት።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞው በ1821 ጀመረ። ሚካኤል ሃይ የሚባል ቀዶ ሐኪም ረዳት ይዞ ሲናን አቋረጠ፣ የአቃባ ባሕረ ሰላጤን አየ፣ ከዚያም በዓባይ ሽቅብ ወደ ኑቢያ ወጣ። ኢትዮጵያ መግባት ይፈልግ ነበር። ያኔ ግን ምፅዋ ድረስ ብቻ ነው የደረሰው፤ ጤናውም አላገዘውም፣ ተመለሰ። የተመለሰው ባዶ እጁን ግን አልነበረም። ቀይ ባሕር ላይ ያያቸውን ዓሦች ሰብስቦ፣ ለክቶ፣ በቀለም አስሎ ከ1828 ጀምሮ በመጽሐፍ አወጣቸው። በኮራል መካከል የሚኖሩት እነዚያ ባለ ቀለም ዓሦች፣ ዛሬ ጠላቂዎች በሞባይል ቪዲዮ የሚያነሷቸው፣ ብዙዎቹ ስማቸው አጠገብ ሩፔል የሚል ቃል አለ። በሳይንስ ሥርዓት ለአንድ ዝርያ መጀመሪያ ስም ያወጣለት ሰው ስሙ ከዝርያው ጋር አብሮ ይጻፋል።

በ1831 እንደገና መጣ። በዚህኛው ጉዞ ቴዎዶር ኤርክል የሚባል፣ የእንስሳትን ቆዳ አድርቆ በማዘጋጀት የተካነ የአገሩ ልጅ አብሮት ነበር። በነገራችን ላይ በደጋችን የምትኖር አንዲት ትልቅ ቆቅ ዛሬም የኤርክል ስም አለባት፤ ያወጣላት ሩፔል ነው። ረዳትን እንዲህ ማመስገን ደስ ይላል።

የመጣበት ጊዜ ግን ክፉ ነበር። ዘመነ መሳፍንት ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደብረ ዓባይ ላይ በተደረገው ጦርነት የየጁው ራስ ማርዬ ሞተዋል፤ የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ተማርከው ተገድለዋል። መንገዱ ሁሉ ሽፍታና ወታደር ነው። ሩፔል ምፅዋ ላይና በትግራይ ወራት ቆየ። መንገድ እስኪከፈት ዝም ብሎ ቁጭ አላለም፤ ወፍ፣ አይጥ፣ ዓሣ፣ ያገኘውን ይሰበስብ ነበር። ከዚያ በ1832 ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ። አካባቢው በደጃዝማች ውቤ እጅ ነበር።

ክረምቱን እዚያ አሳለፈ። ብርዱን፣ ጭጋጉንና ዝናቡን አስቡት። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው በዚህ ጉዞ በሰበሰበው ነው። እርግጥ ለሰሜን ገበሬ ሦስቱም አዲስ አልነበሩም፤ አያት ቅድመ አያቱ ሲያያቸው የኖሩ ናቸው። ሩፔልም ይህን የተረዳ ይመስለኛል። ዋልያን ዋልያ፣ ጭላዳን ጌላዳ ብሎ መመዝገቡ ከአገሬው አፍ እየሰማ ይጽፍ እንደነበር ያሳያል። በዚያ ዘመን አንዳንዱ አሳሽ ያየውን ሁሉ በንጉሡና በአሽከሮቹ ስም ይጠራ እንደነበር ስታስቡ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በጥቅምት 1832 ጎንደር ገባ፤ እስከ ግንቦት 1833 ቆየ። ጎንደር ያኔ ግንቦቿ የፈራረሱ፣ ንጉሦቿ በስም ብቻ የነገሡባት ከተማ ነበረች። ሩፔል ግን እዚያ ከቤተ መንግሥት የሚበልጥ ነገር አገኘ፤ ሊቃውንቱን። ከነዚህ አንዱ ታሪክ አዋቂውና ዳኛው ሊቅ አጽቁ ነበሩ። ሩፔል የነገሥታት ዜና መዋዕሎችንና ሌሎች የብራና መጻሕፍትን አሰባስቦ ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ፤ ዛሬም በስሙ ተለይተው እዚያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከአክሱምም በድንጋይ የተቀረጹ ጥንታዊ የግዕዝ ጽሑፎችን ገልብጦ አሳትሟል። የብራናዎቹ መሄድ ያንገበግበኛል፣ አልደብቅም። ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዓሣ ስለሆነ ይህን ጉዳይ ለሌላ ቀን ላቆየው።

ጣና ከጎንደር ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ ሐይቁ ላይ ሞተር የለም፣ ናይሎን መረብ የለም። ያለው የደንገል ታንኳ ነው። በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች በዚሁ ታንኳ እየቀዘፉ ያሰግሩ ነበር። ሩፔል ከጣና የወጡትን ዓሦች ሲያይ አንድ ነገር ገረመው። ሲያዩዋቸው ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ይመስላሉ፤ ቅርፊታቸው ትልልቅ፣ ጢም ያላቸው። ቀረብ ብለው ሲያዩ ግን አንዱ አፉ ሰፊ ነው። ሌላው ከንፈሩ እንደ ላስቲክ የወፈረ ነው። አንዱ ረዘም ቀጠን ይላል፣ ሌላው ጀርባው ይጎብጣል። አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ብዙ?

ብዙ ናቸው ብሎ ወሰነ። በ1835 (በእኛ 1827 ዓ.ም. መሆኑ ነው) ባወጣው ጽሑፍ እያንዳንዱን ለይቶ ገለጸው። ለወፍራም ከንፈሮቹ ወገን ላቤዮባርበስ የሚል አዲስ የወል ስም አወጣ፤ ከከንፈርና ከጢም የተገጣጠመ ስም ነው፣ ከንፈራሙ ባለ ጢም እንደ ማለት። የዚህ ወገን ዋና ምሳሌ ብሎ ያስቀመጠው ዓሣ ነጂያ ይባላል። ይህን ስም ባነበብኩ ቁጥር የጣና ሰዎች ነጭ ዓሣ ሲሉ ይሰማኛል። ሌሎቹም ስሞች የላቲን ሽታ የላቸውም፤ ሱርኪስ አለ፣ ጎርጓሪ አለ፣ ቤሶ አለ። ቤሶን የጣና ዳር ሰው እስከ ዛሬ ቤዞ ይለዋል። አንዱን ደግሞ ከሌሎቹ መሀል ላይ ያለ ስለመሰለው ነው መሰለኝ በላቲን ኢንተርሚዲየስ፣ መካከለኛው፣ አለው። የኛው ቢልጫ ዛሬ የሚጠራው በዚህ በመካከለኛው ስም ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። እነዚህን ስሞች ለሩፔል የነገሩት እነማን ናቸው? ታንኳው ላይ የነበሩት፣ ዓሣውን ከውሃ ያወጡት፣ ይሄ ሱርኪስ ነው፣ ይሄ ደግሞ ቤዞ ነው ብለው የለዩለት ሰዎች አሉ። የነሱ ስም በሳይንሱ መዝገብ ላይ የለም፤ ከዝርያው አጠገብ የሚጻፈው ሩፔል የሚለው ነው። ቆቋ የኤርክልን ስም አግኝታለች፤ አንድ የጣና ዓሣ የአንድ አስጋሪ ስም ቢኖረው ምን ነበረበት? ሰውዬውን ባደንቀውም ይህችን አልተውለትም።

ከኢትዮጵያ ወጥቶ ፍራንክፈርት ሲገባ ጠርሙስና ሣጥን ሙሉ ነበር። ከ1835 እስከ 1840 የኢትዮጵያን የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የሚገልጽ ባለ ሥዕል ሥራ፣ ቀጥሎም የጉዞውን ታሪክ በሁለት ቅጽ አሳተመ። በ1839 የለንደኑ ሮያል ጂኦግራፊካል ሶሳይቲ የወርቅ ሜዳሊያውን ሸለመው፤ ለውጭ አገር ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። የውርስ ገንዘቡን በመንገድ ጨርሶታል ማለት ይቻላል። በኋለኛው ዕድሜው ወደ ጥንታዊ ሳንቲምና ሜዳሊያ ጥናት ዞረ። ያው መቁጠርና መለየት ነው፣ ልዩነቱ ሳንቲም አይዋኝም። በታኅሣሥ 1884 በተወለደባት ከተማ ሞተ፤ ዕድሜው 90 ነበር።

በስሙ የሚጠራ ጥንብ አንሳ አሞራም አለ፣ የሩፔል አሞራ። በ1973 አቢጃን ላይ ከአንድ አውሮፕላን ጋር የተጋጨው በ11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። በዓለም ከፍታ ላይ በመብረር የተመዘገበ ክብረ ወሰን ነው። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲበላለት ቆሞ የሚጠብቀው ራሰ በራ ግን እሱ አይደለም፤ ያኛው አባ ኮዳ ነው፣ እንዳታምታቱ።

ሰው ሲሞት ታሪኩ ያበቃል ብለን እናስባለን። የሩፔል ዓሦች ግን ጉዳቸው የጀመረው ከሞተ በኋላ ነው። ከሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት በጠርሙስ ውስጥ ያሉትን ናሙናዎች እያገላበጡ አዳዲስ ስሞች ጨመሩ፤ የስሙ ብዛት እስኪያደናግር ድረስ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የጣና ባለ ጢም ዓሦች በሙሉ አንድ ዝርያ ናቸው፣ መልካቸው ብቻ ነው የሚለያየው ተባለና ሁሉም ባንድነት ኢንተርሚዲየስ ተብለው ተጠቀለሉ። ጎርጓሪም፣ ሱርኪስም፣ ነጂያም በወረቀት ላይ ጠፉ። ሩፔል ሳይኖር ያበዛ ሰው ሆነ።

በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከአገራችን ሰዎች ጋር ሆነው ባሕር ዳር ላይ ሠሩ። እንደ ሩፔል ዓሣ አጥማጆቹን ጠየቁ። አስጋሪዎቹ አንዱን ከሌላው ይለዩ ነበር! ለኩ፣ ምን እንደሚበሉ ሆዳቸውን ከፍተው አዩ፣ የት እንደሚራቡ ተከታተሉ። ወደ 15 የሚሆኑ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸው ተረጋገጠ። ከነሱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ በልተው የሚያድሩ ናቸው። ይህ ቤተሰብ አፉ ላይ ጥርስ የሌለው መሆኑን ለሚያውቅ ባለሙያ በጣም የሚያስገርም ነው። ሩፔል 160 ዓመት ቀድሞ ያየው ልዩነት እውነት ነበር። የወል ስሙ ላቤዮባርበስም ዛሬ በመላው አፍሪካ ከ100 በላይ ለሆኑ ዝርያዎች መጠሪያ ሆኗል፤ ከጣና ከንፈራም ዓሣ የተነሳ ስም ኮንጎም ደቡብ አፍሪካም ደርሷል።

ደስታው ግን ረዥም ዕድሜ አላገኘም። ጣና ላይ በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይሎን መረብ ገብቶ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሰው ፕሮቲን ያግኝ፣ አስጋሪው ገቢ ያግኝ ነው። ችግሩ ዓሦቹ የሚራቡበት መንገድ ላይ ነው። ከነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት መጨረሻ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ላይ ነው። ወንዙ ከሐይቁ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ደርዘን ሙሉ መረብ የዘረጋ ሰው ለመውለድ የሚሄዱትን እናቶች በሙሉ በአንድ በር ይጠብቃቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ ይጨምራል፤ ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ይንሳፈፋል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የነዚህ ዓሦች ብዛት ወደ 75 በመቶ ገደማ መቀነሱን እነዚያው ተመራማሪዎች ጻፉ። አሥር ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ከአራት አንድ ቀረ ማለት ነው። ስማቸው ከመዝገብ ጠፍቶ በተመለሰ ማግስት ራሳቸው ከውሃው መጥፋት ጀመሩ።

እንዲህ ያለ፣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተባዛ የዚህ ቤተሰብ ስብስብ በዓለም ላይ ሌላ አንድ ቦታ ነበር፤ ፊሊፒንስ፣ ላናኦ ሐይቅ። ነበር ነው የምላችሁ። ባዕድ ዓሣ ገባበት፣ ያለ ልክ ተሰገረበት፣ በጎጂ መሣሪያም ተሰገረበት። በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ የሐይቁ ብቸኛ ዝርያዎች 15ቱ ጨርሶ መጥፋታቸውን፣ የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ እንዳልቀሩ አስታወቀ። አሁን ጣና ብቻውን ነው።

እሺ፣ እኛስ? ሐዋሳ ጣና አይደለም። ሐይቃችን ትንሽ ነው፤ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መውጫ ወንዝ የሌለው። የዓሣ ዝርያዎቹ ስድስት ናቸው፤ ገበያ የሚወጡት ከላይ የነገርኳችሁ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ አንድ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ የቢልጫ ወገን የሚፈስ ውሃ ፈልጎ እንቁላል የሚጥል ከሆነ፣ ሐዋሳ ላይ ያለው በር ስንት ነው? በዚያ በር ላይ አንድ ሰው መረብ ቢዘረጋስ?

የቆሮሶ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እናትየው እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በመራቢያ ጊዜ ዳር ዳሩን፣ ቄጠማው አካባቢ ትውላለች። ከዳር ሆነው የሚጎትቱት መረብ እሷን ሲያወጣ አፏ ውስጥ ያለውንም ጨምሮ ነው። የመረቡ ዓይን ሲጠብ ደግሞ ገና አንድ ጊዜም ያልወለደችው ትያዛለች። የአሳ ሀብት ባለሙያዎች ሐዋሳ ላይ ገና ያልደረሰ ቆሮሶ በብዛት እንደሚሰገር ደጋግመው ጽፈዋል። ጽሑፋቸውን ሳታነቡም ሳህናችሁን ማየት ትችላላችሁ። አንድ ዓሣ ለሁለት ሰው ይበቃ የነበረበት ጊዜ ትዝ የሚላቸውን ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ እኔ ጠይቄ ሁሉም በእጃቸው ነው የለኩልኝ፣ ከክንድ እስከ ጣት ጫፍ። ትንሽ ቢያጋንኑም ልዩነቱ ማጋነን ብቻ አይደለም።

አስጋሪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከተማዋ አድጋለች፣ ሥራ የሌለው ወጣት በዝቷል፣ አንድ መረብ ደግሞ ከሱቅ ርካሽ ነው። ማኅበር ውስጥ ሆኖ ደንብ ጠብቆ የሚያሰግረው ሰው ትንሹን ዓሣ ሲለቅ ሌሊት ሌላው መጥቶ ያንኑ ያወጣዋል። ነገ ለኔ ካልቀረልኝ ዛሬ ለምን ልተወው ይላል። እናንተ እሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች፣ ሾርባ የምትሸጠው ሴት፣ ጀልባ የሚያከራየው፣ ሁሉም ኑሯቸው በዚያ ውሃ ላይ ነው።

ውሃው ውስጥ ያለውም እንደዚሁ የተያያዘ ነው። ቆሮሶ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ አልጌ ይበላል። አምባዛ ቆሮሶን ይበላል። ቢልጫ ነፍሳትም፣ የውሃ ተክልም፣ ቀንድ አውጣም ይበላል፤ ሲተልቅ ትንንሽ ዓሣ ይጨምራል። ከነዚህ አንዱን ስታጎድሉ የሚበዛው ሌላ ነገር አለ። ማላዊ ሐይቅ ላይ ቀንድ አውጣ የሚበሉ ዓሦች ከልክ በላይ ሲሰገሩ ቀንድ አውጣው በዛ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ደግሞ ቀንድ አውጣ ስለሆነ በሽታው በዳርቻው ሕዝብ ላይ ጨመረ። ዓሣውን የበላው ሰው ሳይሆን በዳር የሚዋኘው ሕፃን ታመመ። ሐዋሳ ዳር የምትዋኙ ልጆች ቢልሃርዚያን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሕጉ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ለንግድ ማስገርንና በመርዝ ማስገርን ይከለክላል። ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። አዋጅ ግን መረብ አይለካም፤ የሚለካው ሰው ነው። ሩፔል ቢኖር ገበያው ላይ ቆሞ የሚያደርገው ነገር ይታየኛል። ደብተር ያወጣል፣ ዓሣውን ከአፍ እስከ ጅራት ይለካል፣ አስጋሪውን ስሙን ይጠይቀዋል፣ ይጽፋል። በሱ ዘመን ይህን ለመሥራት ሀብታም መሆንና ዓመታት በበቅሎ መጓዝ ያስፈልግ ነበር። እናንተ ካሜራውም፣ ሰዓቱም፣ ያላችሁበትን ቦታ የሚነግራችሁም ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ያኔ ከጣና የወሰዳቸው ዓሦች ዛሬም ፍራንክፈርት ዜንከንበርግ ውስጥ ናቸው፤ 190 ዓመት አልፏቸዋል። ተመራማሪዎች ኢንተርሚዲየስ ምን ዓይነት ዓሣ ነው ብለው ሲከራከሩ የሚሄዱት ወደ እነሱ ነው። የኛን ቢልጫ ለማየት ግን ፍራንክፈርት መሄድ አያስፈልግም፣ ገና። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ስትሄዱ ሁሉንም ዓሣ ብላችሁ አትለፉት። ጢሙን ቁጠሩ፤ ጢም ከሌለው ቆሮሶ ነው፣ ስምንት ከሆነ አምባዛ ነው፣ አራት ከሆነ ቢልጫ ነው። ከስንት ዓሣ መካከል ስንት ቢልጫ እንዳያችሁ፣ በክንዳችሁ ስንት እንደሚሆን፣ ሲቀደድ ሆዱ ውስጥ እንቁላል እንዳለና እንደሌለ ከነቀኑ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ያወጣውን አስጋሪ ስምም፣ ከፈቀደ፣ ከጎኑ ጻፉለት።